መርሳ ገበያ ፊት ለፊት የተንጠለጠልኩ ቀን

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ገና አልፎ ጥምቀት ሳይደርስ ነው። ያገኘኝ ሰው ሁሉ እየሳቀ ስለሚጠይቀኝ ለመርሳት እንኳ ፋታ አላገኘሁም። አንዴ ራሴ በወጉ ልናገረውና ይለይልኝ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ወልድያ ውስጥ ፎርማን ነኝ። ያን ሰሞን አንድ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ እያሠራሁ ነበር። የሚስማርና የቀለም ሱቅ ካላት ሰናይት ከምትባል ልጅ ጋር ደግሞ ተዋድደናል። ሚስማር ባለቀ ቁጥር ራሴ ስለምሄድ ሠራተኞቼ «ይሄ ሕንፃ ሲያልቅ ከሲሚንቶው ሚስማሩ ይበልጣል» ይሉኝ ነበር።

ሽማግሌ ልልክ ለእሑድ ቀጠሮ ተይዟል። ችግሩ አባቷ ናቸው። አያ ይመር ይባላሉ፤ ግራና ከምትባል ከተማ አጠገብ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። የሰናይት ታላቅ ወንድም ጌታሁን ኮምቦልቻ ሕንፃ ሊሠራ ሄዶ ከመወጣጫ ላይ ወድቆ፣ አሁን በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ከዚያ ወዲህ በቤታቸው የሕንፃ ሥራ ወሬ አይነሣም። እኔን አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት አይተውኛል። ምን እንዳሉ ሰናይትን ስጠይቃት፣ «ልጁስ ደህና ነው፤ ሥራው ነው እንጂ አሉ» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት መርሳ ከተማ ላይ ለፎርማኖች ሥልጠና ተዘጋጀ። ሠራተኛ ከፎቅ እንዳይወድቅ እንዴት መቆጣጠር እንዳለብን የሚያስተምር ነው። ከወልድያም፣ ከውርጌሳም፣ ከሐራም ተሰባሰብን። አሠልጣኛችን ኢንጂነር ወይንሸት የምትባል የደሴ ሴት ነበረች፤ ድምፅዋ ለስለስ ያለ፣ ቀልድም የምታውቅ፣ ግን የያዘችውን ነገር የማትለቅ።

መጀመሪያ በአዳራሽ ተማርን። በማግስቱ ለተግባር ልምምድ መንገድ ዳር ወዳለ፣ ሥራው ወዳላለቀ ሕንፃ ወሰደችን። የገበያ ቀን ነበር። አህያውም፣ ባጃጁም፣ ሰዉም በፊታችን ይተላለፋል።

«ሠራተኛው ሴፍቲ ቤልት አድርጓል ብላችሁ አትለፉ» አለችን። «ገመዱ ከምን ጋር እንደታሰረ እዩ። አጣና ላይ ያሰረ ሰው፣ ሲወድቅ አጣናውን ይዞ ነው የሚወርደው።»

ቀጥላ «ሠራተኛውን ከማዘዙ በፊት ራሱ የሚሞክር ማነው?» ስትል እጄን አወጣሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከሐራ የመጡት ልጆች ቀድመውኝ እንዳይወጡ ነው።

ከትከሻና ከጭን የሚታሰረውን ቤልት አለበሰችኝ፤ ሄልሜት አደረግሁ። ገመዱን በመዘውር አሳልፈን ከኮንክሪት ምሰሶ ጋር አሰርን። ከመጀመሪያው ፎቅ የኮንክሪት ወለል፣ ከሶሌታው ጫፍ ላይ ቆሜ ወደ ኋላዬ ተለቀቅሁ። ወዲያው ቤልቱ ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። ባልደረቦቼ አጨበጨቡ።

«ይሄ ሰው ተርፏል» አለች ወይንሸት። «ግን ተንጠልጥሎ መቆየት የለበትም፤ ቤልቱ የእግሩን ደም ይይዘዋል። በምን እንደምታወርዱት አስቀድማችሁ ማዘጋጀት የእናንተ ሥራ ነው።»

ከዚያ ባልደረቦቼን እኔን ለማውረድ ገመዱን ቀስ እያደረጋችሁ ልቀቁ አለቻቸው። ለቀቁ። ትንሽ ወረድኩና ቆምኩ። ገመዱ መዘውሩ ውስጥ ተቀርቅሯል። ቢስቡት አይመጣ፣ ቢለቁት አይሄድ። መሰላል ይምጣ ተባለ፤ መሰላሉን ጠዋት የጎረቤት ሕንፃ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ተውሰው ወስደውታል። ሁለት ሰዎች ሊያመጡ ሮጡ። ወይንሸት እግሬን እንዳወዛውዝ እየነገረችኝ መዘውሩን ለማላቀቅ ትታገላለች።

ገበያተኛው መሰብሰብ ጀመረ።

«ምን አድርጎ ነው?» አለ አንዱ።

«ሌባ ይሆናላ» አለው ሌላው።

«አይደለም፣ ፊልም እየሠሩ ነው።»

ቲማቲም የያዘች ሴት ቀና ብላ አየችኝና «ለፊልም ከሆነ ከዚህ የተሻለ መልከ መልካም አጥተው ነው?» አለች። ሕዝቡ ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል ከኋላ ሰው እየገፉ የሚመጡ ሽማግሌ አየሁ። ጋቢ ለብሰዋል፣ ዱላ ይዘዋል። አያ ይመር ናቸው።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ገመዱ ግን ቀስ አድርጎ መልሶ ወደ እሳቸው ያዞረኛል። እንደገና እዞራለሁ፣ እንደገና ይመልሰኛል። እንደዚያ ቀን ገመድ ጠልቼ አላውቅም።

እሳቸው ማን እንደሆንኩ አላወቁም። አልሳቁምም። ወደ ገበያ ጭድ ጭነው የመጡበት ጋሪ መንገዱ ዳር ቆሟል። ወደ ባለጋሪው ዞረው «ጆንያዎቹን አውርድና ከሥሩ ደርድር» አሉት።

«አያ ይመር፣ ገዢው እየጠበቀን ነው» አለ ባለጋሪው።

«ይጠብቃ። ጭዱ የት ይሄዳል?»

ወይንሸት ከላይ ሆና «አባት፣ አይጨነቁ፤ ሥልጠና ነው» አለቻቸው።

«ሥልጠናውስ ይሁን፤ የተሰቀለው ግን ሰው ነው» አሉና ራሳቸው አንዱን ጆንያ ይጎትቱ ጀመር። ይሄኔ ሲስቅ የነበረው ሁሉ አገዛቸው። በአፍታ ከእግሬ ሥር የጭድ ክምር ተሠራ። እሳቸው ከክምሩ አጠገብ ቆመው «አይዞህ ልጄ፣ ብትወድቅም ጭድ ላይ ነህ» ይሉኛል። እንኳን መልስ ልሰጣቸው፣ ድምፄን እንዳይለዩት ትንፋሼንም ውጬ ነበር።

መሰላሉ መጣ፣ መዘውሩም ተላቀቀና ቀስ ብዬ ጭዱ ላይ አረፍኩ። ባልደረቦቼ ሄልሜቴን አውልቀው ውኃ ሰጡኝ። አያ ይመር ጎንበስ ብለው አዩኝ፤ ቆየት ብለውም አዩኝ።

«አንተ የወልድያው ልጅ አይደለህ?»

«ነኝ፣ አባቴ።»

«እሑድ ሽማግሌ ይልካል ብለውኝ ነበር። ዛሬውኑ አንተው ከላይ ወርደህ መጣህ?» አሉኝ። ፊታቸው ላይ የሳቅ ምልክት የለም። ባልደረቦቼ ግን ነገሩ ሲገባቸው በሳቅ ሊሞቱ ደረሱ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ጭዱ ላይ ተቀመጡና የለበስኩትን ቤልት በእጃቸው ሳብ ሳብ አድርገው አዩት።

«ይሄ ነው የያዘህ?»

«አዎ።»

«ከዚህ የበለጠ ከፍ ካለ ቦታስ?»

«የታሰረበት ጠንካራ ከሆነና ቤልቱ ደህና ከሆነ፣ ከፍ ካለውም ይይዛል» አለቻቸው ወይንሸት። አያ ይመር ማሰሪያውን በጣታቸው ያሻሉ።

«ለጌታሁን ይሄን አልሰጡትም» አሉ።

ጌታሁን ማን እንደሆነ ጠየቀቻቸውና በአጭሩ ነገሯት። ለሁላችንም እንዲነግሩን ለመነቻቸው።

«እኔ ምን አውቄ አስተምራለሁ?»

«አያስተምሩን። የሆነውን ብቻ ይንገሩን።»

ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ስልክ የደወለልኝ ፎርማኑ ነው። ‹አያ ይመር፣ ጌታሁን ትንሽ ወድቋል› አለኝ። እኔም ትንሽ ነው ብዬ በሬዎቼን ፈትቼ፣ አጠጥቼ፣ ከዚያ ነው መኪና የተሳፈርኩት። ስደርስ ልጄ አላወቀኝም።»

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀጠሉ።

«ሰውየውን አልወቅሰውም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሆስፒታል አብሮኝ አድሯል። ግን ያን ‹ትንሽ› የሚለውን ቃል ከየት እንዳመጣው እንጃ።»

ወይንሸት አመሰገነቻቸውና ምሳ እንውጣ አለችን። እኛም ጆንያዎቹን ተሸክመን ጋሪው ላይ መልሰን ጫንን።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ግራና ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። «እንቢም አላሉ፣ እሺም አላሉ፤ ሥራውን ልየው ነው ያሉት» አሉኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሰይድ ከሚባል ግንበኛዬ ጋር ተጨቃጨቅሁ። ጥጉ ላይ ለመድረስ የቤልቱን መንጠቆ ከገመዱ ፈትቶ አገኘሁት።

«ሰይድ፣ ውረድ።»

«ወላሂ አንድ ብሎኬት ብቻ ነው የቀረኝ፣ ፎርማን።»

«ውረድ። ገመዱን ጥጉ ጋ እናስርልህና መልሰህ ትወጣለህ።»

እያጉረመረመ ወረደ፤ እስከ ምሳ ድረስም አላናገረኝም። እሱን አውርጄ ዞር ስል አያ ይመር ከመንገዱ ማዶ ቆመው ያዩኛል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላውቅም። ልስማቸው ሮጬ ተሻገርኩ።

«ሥራህን ሥራ፣ ሥራህን ሥራ» ብለውኝ ባጃጅ ተሳፍረው ሄዱ።

ወደ ማታ ሰናይት ደወለች። «አባዬን ምን አደረግሃቸው?» አለች።

«ምን አሉ?»

«‹ይሄ ልጅ ሰው ያስኮርፋል› አሉ።»

«ይሄ ጥሩ ነው መጥፎ?»

«እኔም አልገባኝም» አለች።

ጥሩ ነበር። ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ ሲሄዱ እሺ አሏቸው። ከፋሲካ በኋላ ተጋባን። የሐራ ልጆችም ለሠርጉ መጡ፤ ጭድ በስጦታ ወረቀት ጠቅልለው ነው የሰጡኝ። ጌታሁን ምርኩዙን ወንበር ላይ ደግፎ ቁጭ እንዳለ እስክስታውን በትከሻው ወረደው። ሰይድም መጥቶ ነበር፤ ኩርፊያው ከምሳ አላለፈም።

አሁን በመርሳ ባለፍኩ ቁጥር አፍራለሁ፤ የቲማቲሟ ሴትዮ ዛሬም ታስታውሰኛለች። ግን ያ መዘውር ባይቀረቀር ኖሮ ከአማቼ ጋር እንዴት እንደምንግባባ አላውቅም። ስለዚህ እፍረቱ አይከፋኝም።

ሰናይት በየቀኑ ሥራ መውጫ ላይ ትደውላለች። እራት ምን እንሥራ፣ ስንት ሰዓት ትመጣለህ ከማለቷ በፊት የምትጠይቀኝ ነገር አለ።

«ሁሉም ወረዱ?» ትለኛለች።

ቀና ብዬ ሕንፃውን አያለሁ። ሠራተኞቼ እጃቸውን ታጥበው፣ ልብሳቸውን ቀይረው፣ እየተቀላለዱ ወደ ባጃጁ ያመራሉ።

«ወርደዋል» እላታለሁ።