የመምህር ቶኩማ ፊርማ

መምህር ቶኩማን የማውቀው ወረቀት ሳመላልስ ነው። እኔ አሶሳ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ተላላኪ ነኝ። እሱ የወለጋ ልጅ ነው፣ ታናሽ ወንድሜን ያህላል፤ ኮምፒውተር ያስተምራል። ስለ እሱ ለማውራት እኔ ማን ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው፣ ያውም ፓዌ፣ ያውም የተቋረጠ። ግን ነገሩን የማውቀው እኔ ነኝ።

ኮምፒውተር የሚታዘዝበት ቋንቋ ብዙ ነው አሉ። አዲስ ገቢዎቹ የሚጀምሩት ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባለው ነበር። ቶኩማ ፓይተን በሚባለው ሌላ ቋንቋ ይጀምሩ አለ። ከገጠር፣ ከሸርቆሌና ከጉባ የሚመጡት ልጆች በድርብ ሰረዝና በቅንፍ እየተሰናከሉ ግማሾቹ ጥለው ይሄዳሉ ይል ነበር። አንድ ቀን እኔን ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። በድሮው ቋንቋ ስሜን ኮምፒውተሩ ላይ ለማውጣት ስድስት መስመር ነው፣ አቃተኝ። በፓይተን አንድ መስመር ነው። ፊደል በፊደል ለቀምኩት፤ የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ አስረሳሽ የሚል ወጣ። እሱ ሳቀ፣ ደስ ብሎት።

ይህንኑ ስብሰባ ላይ ተናገረ። ውሃ ላቀርብ ገብቼ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ሌንጂሳ፣

"እንግዲህ ለተላላኪ የሚሆን ቋንቋ ነው በለና" አሉት።

ሁሉም ሳቁ። የሁሉም የማስተማሪያ ሀንዳውት የተዘጋጀው በድሮው ነው፣ እንደገና ማን ያዘጋጃል። ሳይወሰን ተበተነ።

እኛ ጋ ቃለ ጉባኤ የሚጻፈው ሰው ከሄደ በኋላ ነው። እኔ ይዤ እዞራለሁ፣ ባሉበት ቆመው ይፈርማሉ። ቶኩማን ያገኘሁት እያስተማረ ነው፣ ጠመኔ እንደያዘ በር ላይ መጣ።

"እትዬ አስረሳሽ፣ የምንድን ነው?"

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ስሜን ያስጻፈኝ ሰው ፊት ማንበብ ያቅተኛል ማለት አሳፈረኝ። የተገኙ ሰዎች የሚፈርሙበት ነው አልኩት። ፈረመ።

ወረቀቱ ለካ በሙሉ ድምፅ ሲ ፕላስ ፕላስ ይቀጥል የሚል ነበር። ሊከራከር አቶ ሌንጂሳ ቢሮ ሲገባ የገዛ ፊርማውን አሳዩት። ወጥቶ ኮሪደር ላይ ጠበቀኝ።

"አንብበሽው ነበር?"

"አዎ" አልኩ።

ለምን እንዳልኩ እንጃ። ማንበብ ካቃታት አንብባ ያታለለች የምትሻል መስሎኝ ይሆናል።

ዘንድሮም ከጉባ የመጡት ሦስቱ ጥለው ሄደዋል። ቶኩማ ሰላምታ አላቋረጠም። ወረቀት ስወስድለት ግን ተቀብሎኝ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ያነባል፤ እኔ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።