አፈር የሚሆን በርጩማ

መምህር አለምብርሃን ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በኋላ ስለማማው ነው። ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው ኮሌጃችን የምርት ዲዛይን ያስተምራል። እኔ አጠገቡ ባለው ክፍል ሥዕል አስተምራለሁ፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ የሱን ትምህርት ከተማሪዎቹ እኩል ተምሬያለሁ።

አዲስ አበባ ሄዶ አጭር ሥልጠና ወስዶ ከተመለሰ ወዲህ አንድ ሕግ አለው። «ወደ አፈር የማይመለስ ቁስ ወደ ክፍሌ አይገባም!» ተማሪ ብረት ሲያነሳ ይቆጣል፤ ፕላስቲክ ሲጠሩበት አፍንጫውን ይይዛል። ዕቃው ለማን ነው፣ ስንት ዓመት ያገለግላል ብሎ የጠየቀ «ገና አልበሰልክም» ይባላል።

ዘንድሮ ሲሃም የምትባል የመጋላ ሰፈር ልጅ ለመመረቂያዋ በርጩማ ልትሠራ ተነሳች። «ኤዶ» የምትላት የአባቷ እህት ኡባህ ገበያ ላይ ቲማቲም ስትሸጥ ቁጢጥ ብላ ስለምትውል ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል። ልጅቷ ከተጣለ ጀሪካን ቆርጣ፣ ከአሮጌ ብረት ጋር አያይዛ ልትሠራላት አሰበች። ጥሩ ሐሳብ ነበር። አለምብርሃን ግን ከለከላት።

«ካርቶን!» አላት። «በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ ካርቶን።»

«መምህር፣ ካርቶን እኮ እዚህ ፍየል ይበላዋል።»

«እሱ የፍየሉ ጠባይ ነው፤ የቁሱ ችግር አይደለም።»

በጆሮዬ ሰማሁት። ድሬ ተወልዶ ያደገ ሰው፣ ፍየል የሱቅ ካርቶን ሲያላምጥ እያየ ትምህርት ቤት የተመላለሰ ሰው!

ሲሃም ካርቶኑን ደራርባ ለጠፈች፤ ነቀዝ እንዳይገባው ብላ ሙጫው ላይ ጨው ጨመረችበት። አምሮ ወጣ። እኔ ራሴ ተቀምጬበት ችሎኛል፤ እኔን ደግሞ ብዙ ነገር አይችለኝም። የኤግዚቢሽኑ ዋዜማ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ሙቀቱን ሸሽቶ ቤቱ ሲጋደም፣ እንዲደርቅ ብላ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተወችው። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ ይባል የለ? ስንመለስ የቀረው አንድ እግር ብቻ ነበር። ልጅቷ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

አለምብርሃን ግን የተረፈውን እግር አንስቶ ሲያገላብጥ ድንገት ፊቱ በራ። በማግስቱ የተረፈውን እግር ነጭ ጨርቅ ላይ አጋድሞ ለእንግዶቹ ገለጻ አደረገ፦ «ቁሱ ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ ወደ ተፈጥሮ ተመልሷል!» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሲሃም አንደኛ ወጣች፤ እሱም ተመሰገነ።

ኡባህን «የምርቱ ተጠቃሚ» ብሎ ጋብዟት ነበር። ወንበሩ ሁሉ በክብር እንግዳ ተይዞ፣ ንግግሩ እስኪያልቅ አንዴ በአንዱ እግሯ አንዴ በሌላው እያረፈች ቆማ ጠበቀች። ሲሃም ሽልማቷን እንደያዘች ቀጥ ብላ መምህሯ ፊት ቆመች።

«መምህር፣ ኤዶዬ ትቀመጥ» አለችው። ልመና አልነበረም።

አለምብርሃን ደንገጥ ብሎ ተነሳ፤ ለዕለቱ ከተከራየናቸው የፕላስቲክ ወንበሮች አንዱን፣ የራሱን፣ ለቀቀላት። ኡባህ ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «አልሐምዱሊላህ» ብላ ተነፈሰች፤ መደገፊያውን በእጇ ደባበሰችው።

«አቦ መምህር፣ ይሄንንም ፍየል ይበላዋል?»

«አይ፣ እናቴ። ይሄን አይበላውም።»

«ታዲያ ልጄን ይሄን አታስተምራትም?»