ከመናፈሻው ታሪክ የሰረዝኩት

በሰፈራችን ያለው መናፈሻና የልጆች መጫወቻ ታድሶ ሊከፈት ሲል፣ ታሪኩን በአንድ ገጽ ጽፌ በምርቃቱ ቀን እንዳነብ ኮሚቴው ጠየቀኝ። ደሴ ውስጥ ታሪክ ሳስተምር ብዙ ዓመት ስለሆነኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለሌላ ሰው ቢሰጡት ይከፋኝ ነበር።

ከቆዩ ፋይሎች ያገኘሁት ጥቂት ነው፦ ቦታው የተከለለበት ደብዳቤ፣ የአጥር ሽቦ የተጠየቀበት ወረቀት። ዛፎቹን ማን እንደተከላቸው የሚል የለም። በመጨረሻ ሆጤ ሰፈር ወደሚኖሩ፣ ጡረታ ወደወጡ የመናፈሻው አትክልተኛ መሩኝ።

ሽማግሌው ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አወሩልኝ። ቦታው መጀመሪያ የሰፈሩ ቆሻሻ መድፊያ ገደል ነበር። አፈር በጋሪ እያመጡ ሞሉት፣ ጥድና ግራቪሊያ ተከሉበት። ዥዋዥዌውና ሸርተቴው ሲቆም ልጆቹ ሲሚንቶው እስኪደርቅ እንኳ አልጠበቁም። በጦርነቱ ጊዜ የዥዋዥዌው ብረት ተነቅሎ ሄደ፣ አግዳሚዎቹም ማገዶ ሆኑ። ይህን ሲነግሩኝ አልተማረሩም። ዛፎቹ ቀርተውልናል፣ አልሀምዱሊላህ፣ አሉ።

ዛፎቹ የጸደቁት ግን በሽማግሌው ባለቤት ነው። በተተከሉበት ዓመት ዝናብ ቀረ፤ የመናፈሻውም ቧንቧ ደረቀ። ሴትዮዋ ማንም ሳይቀጥራቸው፣ የባሌ ድካም ለምን ይደርቃል ብለው፣ በጋውን ሙሉ ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈር በጀሪካን እያዘሉ አጠጡ። ያን ጊዜ እርጉዝ ነበሩ።

"የእኔን ስም ተይው" አሉኝ ሽማግሌው። "የሷን ጻፊልኝ። ሞታለች፤ ሌላ የምትጠራበት ቦታ የላትም።"

እጽፋለሁ አልኳቸው። ቃሌንም ሰጠኋቸው።

ጻፍኩም፤ አንድ ሙሉ አንቀጽ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጽሑፉን ሳያነብ ርዝመቱን ብቻ አየና ከአንድ ገጽ አልፏል፣ አሳጥሪው አለኝ። የቱን እንደምቆርጥ አልነገረኝም። ቤት ገብቼ እርሳስ ያዝኩ። ለባለሥልጣናት የጻፍኩትን ምስጋና መንካት ፈራሁ። ከጦሳ ተራራ ስለሚወርደው ነፋስና ስለ ዛፎቹ የጻፍኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ደጋግሜ ያሳመርኩት፤ እሱንም መሰረዝ አሳሳኝ። የሴትዮዋን አንቀጽ ሰረዝኩ። ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፈዋለሁ ብዬ ራሴን ደለልኩ።

በምርቃቱ ጠዋት ሽማግሌው ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ከሴት ልጃቸው ጋር መጡ። ያኔ በእናቷ ሆድ የነበረችው ናት። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ትሠራለች። ዛሬ የእናትሽ ስም ይነሳል ብለዋት ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ መምጣቷን፣ ፕሮግራሙ ሳይጀመር እጄን ይዛ ነገረችኝ። እውነቱን ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ፈገግ አልኩና አለፍኳት።

ከወረቀቱ ወጣ ብሎ አንድ ስም መጥራት ምን ይከብዳል? ማይኩ እጄ ላይ ነበር። ግን የጻፍኩትን ብቻ፣ በሚያምር ድምፅ፣ አነበብኩ። አባትና ልጅ የቆሙበትን ስለማውቅ ወደዚያ አላየሁም። ሰው አጨበጨበ።

ስወርድ ልጅቷ አባቷን አስከትላ መጣች።

"እናቴን አልጠሯትም" አለችኝ።

"እኔስ ጽፌ ነበር። ቆረጡት" አልኳት።

አመነችኝ። አምናኝም በቀጥታ ወደ ሰብሳቢው ሄደች፤ ለምን ቆረጣችሁት ብላ ጠየቀችው። ሰውዬው ተገርሞ፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዳላየ፣ አሳጥሪው ብቻ እንዳለኝ በትሕትና አስረዳት። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። አጠገቤ የቆሙት ሽማግሌ ሁሉንም ሰምተዋል። እኔን ላለማየት ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ፤ እንዳላፍር ብለው መሆኑ ገባኝ፤ የባሰ አፈርኩ። ልጃቸውን ጠርተው፣ ነይ እንሂድ አሏትና ቀስ እያሉ ወጡ።

ከሳምንት በኋላ የተሰረዘውን አንቀጽ ይዤ ሆጤ ሄድኩ። ተቀበሉኝ፤ ተቀመጪ አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ አንቀጹን አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ልጄ፣ ለእኔ ምን ታነቢልኛለሽ?" አሉ። "እኔማ አውቀዋለሁ።"

ይህን ብለው ዱዓ አደረጉልኝ። አሚን ማለት አቃተኝ።

ጽሑፉ እንዲስተካከል ኮሚቴውን ጠየቅኩ። በመስታወት ሆኖ የመናፈሻው በር ላይ ተሰቅሏል፣ ሲቀየር እናያለን አሉኝ። እስካሁን አልተቀየረም። ከስሩ የእኔ ስም አለ። ተማሪዎቼ ሲያዩት ይኮሩብኛል፤ እኔ በሌላ መንገድ እዞራለሁ።

ባለፈው ክረምት ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሚኒባስ ውስጥ ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሳላያት ነው የገባሁት። ሰላም አለችኝ፤ ቦታም ሰፋ አድርጋ ለቀቀችልኝ። ቁልቁለቱን ግማሽ ያህል ወረድን። በኋላ፣ በወሎዎቹ አነጋገር፣ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፣ አልኳት። ዋሽቼሻለሁ፤ ማንም አልቆረጠውም፣ እኔ ነኝ።

"አውቃለሁ" አለች። ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። "አፉ ብያለሁ። ስሟን ግን ከእንግዲህ አይጻፉት።"

እሺ አልኳት። ይኸው፣ እዚህም አልጻፍኩትም።