ቀለም የሚለቀው ቀይ

ሴትዮዋ ሻሻቸው ወተት የመሰለ ነጭ ነው፤ ንግግራቸው ሁሉ «የኔ ልጅ» ነው። ጨርቅ ሻጯ ገና ሲገቡ ወደደቻቸው። ነጭ ጨርቅ መረጡና፣ ቀይ ጨርቅ ደግሞ አንስተው የመሐረባቸውን ጫፍ በምራቃቸው አርሰው ፈተጉበት። መሐረቡ ደም መሰለ። ሻጯ አፈረች።

«ይቅርታ እማማ፣ ይኼ ቀለም ይለቃል። ከመስፋትዎ በፊት ዘፍዝፈው ይጠቡት፤ አለበለዚያ ነጩን ያበላሽብዎታል። የማይለቅም አለኝ፣ ላምጣልዎት?»

«ተይው የኔ ልጅ፣ ይኸው ይሁንልኝ። ሳላጥበው ነው የምሰፋው።»

«ለምን?»

«ለምራቴ የአልጋ ልብስ ነው። ልጄማ ባለሙያ ያገባ ይመስለዋል።» መሐረቡን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «አንድ ቀን ታጥበዋለች። ያን ጊዜ ‹እናቴ ዓይኗ እስኪፈስ የሰፋችውን እንዲህ ታደርጊዋለሽ?› ይላታል።»

«ምን አደረገችዎት?» አለች ሻጯ፣ መቀሱን እንደያዘች።

«ምንም። ጥሩ ልጅ ናት።» ሴትዮዋ ቀዩን ጨርቅ በመዳፋቸው ዳበሱት። «እኔም አማቴ ቤት ስገባ ጥሩ ልጅ ነበርኩ።»

ሻጯ ጎንበስ ብላ ነጩንና ቀዩን ለካች፣ ቆረጠች፣ ጠቀለለችላቸው። ሴትዮዋ ጥቅሉን ብብታቸው ስር ሸጉጠው፣ ጉንጯን ሳም አደረጓትና፣

«አንቺንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ» ብለው መርቀዋት ወጡ።