ላቦራቶሪውን የቆለፍን ቀን

ባለፈው እሁድ የወንድሜ ልጅ ሄለን ከጎበሳ ደወለችልኝ። በላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት ሥራ ከጀመረች ገና ዓመት አልሞላትም።

«አክስቴ፣ የዲዩቲ ክፍያችንን አሁንም አልለቀቁትም። የት ሄጄ ልጩህ?» አለችኝ።

አሰላ ቤቴ ቁጭ ብዬ ድንች እየላጥኩ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጥኩት። ዛሬም ያው ነገር?

እኔም በእሷ ዕድሜ ጢቾ አካባቢ አንድ ጤና ጣቢያ ተመድቤ ነበር። ሥራችን ከጠዋት እስከ ማታ ሰገራ፣ አክታ፣ ደም ነው። መብራት ሲጠፋ ማይክሮስኮፑን መስኮት ሥር አስጠግቼ ብርሃን እለምናለሁ፤ በአርሲ ክረምት ደግሞ ፀሐይ ከየት ትመጣለች! ቅዳሜና እሁድም ተረኞች ነን። የተረኛ ክፍያ ግን ለነርሶቹ ሲደርስ ለእኛ «በጀት የለም» ይባላል። ኃላፊያችን እንዲያውም «እናንተ ቁጭ ብላችሁ አይደል የምትሠሩት?» ብሎናል።

አንድ ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ እኔና ባልደረባዬ ሙስጠፋ ካልተከፈለን አንሠራም ብለን የላቦራቶሪውን በር ቆልፈን ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። እናቱ ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ ሠርተው የላኩለትን ጭኮ አካፈለኝ። በብርዱ ቅቤው ጣቴ ላይ ረጋ።

ረፋድ ላይ አንድ ገበሬ ሴት ልጁን በፈረስ ጭኖ መጣ። ዋቤ ቆላ ዘመዶቿ ዘንድ ሰንብታ የተመለሰች ናት፤ ትኩሳቱ ያንቀጠቅጣታል። ነርሷ ያለ ምርመራ መድኃኒት አልሰጥም ብላ ወደ እኛ ልካቸዋለች።

«ማሎ እህቴ፣ እባክሽ፣ ኢንታላ ኮ... ልጄን እዪልኝ» አለኝ።

ሙስጠፋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ዛሬ ከከፈትን መቼም አይከፍሉንም» አለ።

«አውቃለሁ» አልኩና ቁልፉን አወጣሁ። እሱም እያጉረመረመ ተከትሎኝ ገባ፤ ጣቷን ወግቶ ደም ወሰደላት፣ እኔ መረመርኩ። ወባ ነበር። መድኃኒት ተጀመረላትና ከቀናት በኋላ በእግሯ ሄደች።

ኃላፊው ግን የተከፈተውን በር አይቶ ሳቀ። «አያችሁ? ሳይከፈላችሁም ትሠራላችሁ!»

ደሜ ፈላ። ክፍያውም ሙስጠፋ እንዳለው ሳይመጣ ቀረ፤ እሱ ራሱ ተማርሮ ሥራውን ለቀቀና ሱቅ ከፈተ።

ይህን ሁሉ በስልክ ስነግራት ሄለን «በመክፈትሽ ይቆጭሻል?» አለችኝ።

አይቆጨኝም። ያቺ ልጅ ዛሬም ብትመጣ እከፍትላታለሁ። ጡረታ እስክወጣ ሥራዬን ወድጄው ኖሬአለሁ። መውደዴን እንደ ደመወዝ የቆጠሩብኝን ሰዎች ግን እስካሁን ይቅር ማለት አልሆነልኝም።