ጥሩምባውን ሰምቼ ነበር

መጀመሪያ ያየሁት የጫማዬን አፍንጫ ነው። ኮምቦልቻ፣ አስፋልቱ ላይ በጀርባዬ ተንጋልያለሁ። የግራ ጫማዬ አፍንጫ ወደ ሰማይ ያያል፤ የቀኙ ወደ ውጭ ተጠማዞ አስፋልቱን ነክቷል። ሕመም አልነበረም። «የማን እግር ነው?» ብዬ አሰብኩ። ላነሳው ሞከርኩ። ጭኔ መሐል ላይ፣ መታጠፊያ በሌለበት ቦታ ታጠፈ። ያን ጊዜ ጮህኩ።

ይህን የምጽፈው ጭናቸው ተሰብሮ ለተኙ ነው። እኔ ስተኛ ምን እንደሚጠብቀኝ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነበር። ስለ አጥንቱ ብቻ ጽፌ ባቆም ግን ግማሹን መደበቅ ይሆንብኛል። አንድ ጊዜ ደብቄ ያመጣውን አይቻለሁ፤ ይበቃኛል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ተቀጥሬ ነበር። ፈረቃ ሲለቀቅ አስፋልቱ በሰው ይሞላል። ከአሰብ የሚመጡ ባለተሳቢ መኪኖች እዚያ ሲደርሱ ጥሩምባ ይነፋሉ፤ እኛ ንቅንቅ አንልም። ክንድ ለክንድ ተቆላልፈን፣ አራት ሆነን መሐሉን ይዘን እንሄዳለን። ቀድማ ወደ ጥግ የሸሸች ልጅ ሳምንቱን ሙሉ «ቦቅቧቃ» ስትባል ትሰነብታለች። ሹፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ቢቆጣ መልሳችን ዝግጁ ነው፦ «መንገዱ የሠርቶ አደሩ ነው! አንተ ዙር!» ከስብሰባ የለቀምነውን ቃል አስፋልት ላይ አነጠፍነው።

የዚያን ዕለት ጥሩምባው ሦስት ጊዜ ጮኸ። ጓደኛዬ ፋጡማ «ኧረ ይሄኛው የምሩን ነው» አለች።

«ከፈራሽ ሂጂ፣ ቦቅቧቃ» አልኳት። ያልኩት እኔ ነኝ። ክንዷን አጥብቄ ያስቀረኋትም እኔ ነኝ።

ሹፌሩ መሪውን ወደ ቦዩ ጠመዘዘ። ጋቢናው ሳይነካን አለፈ። ተወናጭፎ የመጣው የተሳቢው ማዕዘን በቀኝ ዳር የነበርኩትን እኔን አገኘኝ።

ሰው ተሰበሰበ። ሹፌሩን ጎትተው አወረዱት፤ የጥፊ ድምፅ ሰማሁ። «ልጅቷን ፈጃት!» «ጥጓን ይዛ ስትሄድ!» ይላሉ። እንዲህ ከሚሉት ግማሾቹ መኪናው ሲመታኝ ገና ከፋብሪካው በር አልወጡም ነበር።

በፒክአፕ ጭነው ወደ ደሴ ወሰዱኝ። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ እያንዳንዱን ጠመዝማዛ በጭኔ ቆጠርኩት።

«ፌሙር ነው፤ የጭን አጥንት» አለ ዶክተሩ። «ለሁለት ተለያይቷል። ትራክሽን እናደርግልሻለን፤ አጥንቱን በክብደት መጎተት ነው።»

አደነዘዙኝ። ከጉልበቴ ዝቅ ብሎ በአጥንቴ ውስጥ ብረት አሳለፉ። ከብረቱ ገመድ አሰሩ። ከገመዱ ክብደት አንጠለጠሉ። ክብደቱ ከአልጋዬ ግርጌ ወረደ።

«ስንት ቀን ነው?» አልኩ።

«በቀን አትቁጠሪው፤ ወራት ነው።»

በሦስተኛው ቀን ፖሊስ ቃሌን ሊቀበል መጣ። ጓደኞቼ ቀድመው «ጥጋችንን ይዘን ስንሄድ» ብለዋል። «እንደዚያ ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። ፈረምኩ። ሹፌሩ እስር ቤት ቀረ።

በማግስቱ አንዲት ጠይም፣ ቀጭን ሴትዮ አልጋዬ ግርጌ ቆመች። «ዘይነባ እባላለሁ፤ የሹፌሩ የሰይድ ሚስት ነኝ። አፉ በይን፣ ልጄ። ይቅር በይን።» በአገራችን ሰው የጎዳ ወገን የተጎዳውን እንደሚያስታምም አውቃለሁ። ግን አንድ ሁለት ቀን ታይታ ትቀራለች ብዬ ነበር። አልቀረችም። እናቴ ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር ቀን ቀን በርበሬ ስለምትሸጥ የምትመጣው ማታ ማታ ነው፤ የቀኑን ሥራ ሁሉ ቤቷ ካለበት ከገራዶ እየተመላለሰች እትዬ ዘይነባ ያዘችው። ፖፖዬን ትደፋለች። ጀርባዬ እንዳይቆስል ታሻለች። የእስላም ሥጋ እንደማልበላ አስባ ሥጋ አታመጣም፤ ወተት፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ምስር ወጥ ታመጣለች።

አንድ ረቡዕ ወተቱን ለጎረቤቴ ታማሚ ሰጠችብኝ።

«ሐኪሙ ጠጪ ብሏል እኮ!»

«እንግዲህ ሐኪምሽንና ቄስሽን አስታርቂ፤ እኔን ከማንም አታጣይኝ» ብላ ሳቀች። ጾሜን ከእኔ ይልቅ እሷ ትቆጥርልኝ ነበር።

እኔ ደግሞ ነርሷ ትንሽ ስትዘገይ «መብቴ ነው!» እያልኩ ክፍሉን አናውጠዋለሁ። ጠያቂዎቼ ተራ ጥሰው ሲገቡ ደስ ይለኛል። እትዬ ዘይነባ አንድ ቀን ጠጋ ብላ፣ «ተይ ሆዴ፤ ያቺ ጥግ ያለችው ከንጋት ጀምሮ እየጠበቀች ነው። ድምጿ ስለማይወጣ ነው እንጂ» አለችኝ። አስፋልቱን ይዤው አልጋ ላይ እንደወጣሁ ያን ጊዜ ትንሽ ገባኝ።

በሁለተኛው ወር ብረቱ የገባበት ቦታ ቀላ፤ ለማንም ሳልናገር ሰነበትኩ። መግል ያዘ። ትኩሳት መጣ። ዶክተሩ አየና «ኢንፌክሽን ነው» አለ። «አጥንቱ ውስጥ ከገባ ኦስቲዮማየላይትስ ይሆናል። እግሩን ልናጣው እንችላለን።» ሌላ አልጨመረም። ሄደ።

እትዬ ዘይነባ ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ እያበሰች ነበር። «ትናንት ስንቅ ሳደርስለት ሰይድ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹አራት ነበሩ፤ ሦስቱን አትርፌ አራተኛዋ አቃተችኝ። ሌላ ሹፌር ቢሆን አራቱንም ያተርፍ ነበር› አለኝ። እህል አይቀምስም። ወላሂ ሆዴ፣ አፉ በይው።»

ሰውየው እስር ቤት ተቀምጦ ጥፋቱን እየፈለገ ነው። ጥፋቱ እኔ ዘንድ ነው።

«ጥጌን አልያዝኩም ነበር» አልኳት። «መሐሉን ይዘን ነው። ጥሩምባውንም ሰምቼ ነበር።»

እጇ ቆመ። ጨርቁን ጨመቀች። አጠፈችው። ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። ሻርፗን አንስታ ወጣች።

በማግስቱ አልመጣችም። በሁለተኛውም ቀን። በሦስተኛው ቀን ፋጡማ ልትጠይቀኝ ብርቱካን ይዛ መጣች። ቃሌን ልለውጥ ነው አልኳት።

«አብደሻል? እኛን ሐሰተኛ ልታደርጊን?»

«ነን'ኮ!»

«የሠራተኛ ማኅበሩስ ምን ይላል? ሠርቶ አደር ተገጭታ፣ ጥፋተኛዋም ራሷ?»

«መኪናው የሱ መሰለሽ እንዴ? እሱም እንደኛው ተቀጣሪ ነው።»

ፋጡማ ለእኔ ያመጣችውን ብርቱካን እየላጠች፣ ሳታስበው ለራሷ በላችው።

ፖሊሱን አስጠራሁት። ፊቱ ጠቆረ። «ቃልሽን ከለወጥሽ በሐሰት ቃል አንቺው ልትጠየቂ ትችያለሽ» አለኝ። ፈርቻለሁ፤ አልዋሽም። ግን የተንጠለጠለውን ክብደት አሳየሁትና «ታስሬ የለ? የት እሸሻለሁ?» አልኩት። ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወረቀት አወጣ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት እትዬ ዘይነባ ወተቷን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። «ተቃጥዬ ነበር» አለች። «ገናም አልበረደልኝ። ግን ፖፖሽን ማን ይደፋልሻል?»

የፔኒሲሊን መርፌው ቀስ በቀስ ሠራ፤ ትኩሳቱ ወረደ፣ መግሉ ደረቀ፣ ከሳምንታት በኋላም ዶክተሩ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ አጥንቱን የከበበውን ደመና የመሰለ ነገር በጣቱ እያሳየ «ካለስ ይዟል፤ አዲስ አጥንት ማለት ነው» ሲለኝ፣ ከሰበርኩት ነገር ሁሉ ቢያንስ አንዱ እየተጠገነ እንደሆነ ገባኝና አለቀስኩ። ብረቱ ወጣ። መጀመሪያ በአልጋው ጠርዝ መቀመጥ፣ ቀጥሎ በሁለት ክራንች መቆም፣ ቀጥሎ የደረቀውን ጉልበቴን በፊዚዮቴራፒ እያስጮህኩ በጣት በጣት ማጠፍ፤ እንዲህ እያልኩ በራሴ እግር ፍርድ ቤት ለመግባት በቃሁ። ያየሁትንና ያደረግሁትን ተናገርኩ። ፋጡማም ከእኔ ቀጥላ ቆማ እንዲሁ መሰከረች። ጋሽ ሰይድ ተፈታ። ታስሮ ያሳለፋቸውን ወራት ግን ማንም አልመለሰለትም፤ እኔም አልችልም።

እርቁን ሽማግሌዎች ያዙት። በደል የፈጸመ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መጠየቁ የቆየ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ግን የገጨው እሱ ነው ብለው ድንጋዩን ያዘጋጁት ለሹፌሩ ነበር። «ድንጋዩ የእኔ ነው፣ ስጡኝ» አልኩ። ጋሽ ሰይድ፣ ትልቅ ሰው፣ ጺሙ ሸብቶ፣ ክራንቼን አየና ከመቀመጫው ተነሳ። «ኧረ በአላህ ይዛችሁ አስቀምጧት! በክራንች ላይ ድንጋይ? ደግማ ልትወድቅና በኔው ልታመካኝ ነው!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅሁም። «አፉ በሉኝ» አልኩት። «አፉ ብያለሁ» አለኝ።

አሁን ለተኛችሁት። ጭን ሲሰበር ወጌሻ ዘንድ አትሂዱ፤ ለወለምታ ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው። ብረቱ የገባበትን በየቀኑ በንጹሕ ውሃና በንጹሕ ፋሻ አስጠርጉ፤ ሲቀላ ያኔውኑ ተናገሩ፣ እንደ እኔ አትደብቁ። ተረከዛችሁ ፍራሹን እንዳይነካ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ ጨርቅ አድርጉበት። ጣቶቻችሁን ቀኑን ሙሉ አንቀሳቅሱ። ዶክተሩ ሳይፈቅድ አትርገጡ። የሚያስታምማችሁን ሰው ደግሞ ስሙን እወቁ።

ዶክተሩን፣ የጮህኩባትን ነርስ፣ እናቴን አመሰግናለሁ። እትዬ ዘይነባን ለማመስገን ቃል አጥሮኛል፤ በየበዓሉ ገራዶ እሄዳለሁ፣ እሷም ዛሬም ሥጋ ሳይሆን ምስር ታቀርብልኛለች።

ቀኝ እግሬ በጣት ያህል አጥሯል። ፈረቃ ሲለቀቅ አዲሶቹ ልጆች እኛ ከነበርነው ብሰው፣ መንገዱን ሞልተው ሲሄዱ አያለሁ። ጥግ ይዤ እያነከስኩ ሳልፍ «ቦቅቧቃ!» የምትለኝ አትጠፋም። ትበለኝ። ጥሩምባ ስሰማ ዞሬ ሹፌሩን ለማየት አልቆምም፤ ጥጌን እይዛለሁ። ማን እንደሆነ አላውቀውም። ሚስት ይኖረዋል።