ሱቃችን ሳይዘጋ የቀረበት ክረምት

ልጅ ሳለሁ፣ ሲሬ ላይ ክረምት ሲገባ ከእሸቱም ከምኑም በላይ የምንናፍቀው የአባባ ወልዴን ተረት ነበር። አባባ ወልዴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። ከጉራጌ አገር በእግሩ መጥቶ መንገድ ዳር ያለችውን ሱቃችንን ያቆመ፣ አባቴንም በልጅነቱ አስመጥቶ ያሳደገና የዳረ እሱ ነው። ያኔ ዓይኑ ስለደከመ ሱቁን ለአባቴ ለቆለት ነበር። ለቆለት ስል እንግዲህ ለወግ ያህል ነው፤ ጨው የሚሰፍረውና ላምባ የሚቀዳው አባቴ ቢሆንም የሱቁ ጌታ እስኪሞት ድረስ እሱ ነበር።

ማታ ማታ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ምድጃውን እንከባለን። በቆሎው ፍም ላይ እየተንጣጣ፣ እርጥቡ እንጨት ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ አባባ ወልዴ ድምፁን ሳያነሳ ይተርትልን ነበር። እንዴት ያለ አፍ እንደነበረው ልነግራችሁ አልችልም! ጦጣዋን በኦሮምኛ፣ አንበሳውን በአማርኛ፣ ቀበሮውን በጉራጌኛ ያናግራቸዋል። ጅብ ግን ጉራጌኛ አይችልም ይለን ነበር፤ «ነግዶ አያውቅማ! ለዚህ አይደል ሲርበው የሚኖረው?» ሲል በሳቅ እንፈርሳለን። በክፍሏና በሱቁ መሀል ያለው በር ሁልጊዜ ክፍት ስለነበር አባቴ ፋኖሱ ሥር፣ ባንኮኒው ጋ እንደተቀመጠ ሁሉንም ይሰማል።

ተረቱ ሲያልቅ አባባ ወልዴ አገጩን ቀና አድርጎ «በሉ ፍረዱ! ጥፋቱ የማን ነው?» ይለናል። እኛም እንደ ዳኛ ተኮፍሰን እንፈርዳለን። የፈረድነውን አይለውጥብንም ነበር፤ እኛም በዚህ በጣም እንኮራ ነበር።

በዚያ ክረምት ግን ሱቃችን እየሞተ ነበር። ቀድሞ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን መኪና ጭቃ ስለሚይዘው ተሳፋሪው ሲሬ ያድራል፤ ሻማውንም ክብሪቱንም ስኳሩንም የሚገዛው ከኛ ነበር። መንገዱ ተደልድሎ ጠጠር ከለበሰ ወዲህ መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ ማለፍ ጀመረ፤ የገጠሩም ሰው ተሳፍሮ ነቀምቴ መገበያየት ለመደ። ጨዋችን እርጥበት እየጠጣ ቀለጠ፤ የአቡጀዲው ጣቃ እጥፋቱ ላይ ቢጫ ሆነ።

አባቴ ልብስ ስፌት ያውቅ ነበር። ኦቦ ተሬሳ የሚባል ልብስ ሰፊ ወዳጁ ከነቀምቴ እኛ ዘንድ ድረስ መጥቶ «ሱቁን ዝጋና ና፤ አብረን እንሰፋለን። ለልጆችህም ከጎኔ ቤት ይዤልሃለሁ። ብቻ ከመስቀል በላይ አልጠብቅህም፤ ሥራው በዝቶብኛል» አለው። አባቴ በዚያን ሳምንት ሲያፏጭ ሰማሁት። እናቴም እቃ መሸከፍ ጀምራ ነበር።

ችግሩ ለአባባ ወልዴ መንገሩ ነበር። አባቴ እሱን ያሳደገውን ወንድሙን ቀና ብሎ አያየውም። አንድ ማታ ከባንኮኒው ሳይነሳ፣ እንደ ዋዛ «ጋሼ፣ ሱቁን ብንዘጋውስ?» አለ።

አባባ ወልዴ ወደ እኛ ዞረና ተረት ጀመረ። አንድ ጃርት ነበር አለ፤ ወንዝ ማዶ በቆሎ ደርሷል ሲሉት ጉድጓዱን ትቶ ሄደ። ማዶ ያሉት «የማን ነህ?» አሉት፤ የሚያውቀው ጠፋ። ቢመለስ ጉድጓዱ ውስጥ ሽለምጥማጥ ተኝቶ «አንተ ደግሞ ማን ነህ?» አለው። «በሉ ፍረዱ! ጥፋቱ የማን ነው?»

«የጃርት!» ብለን ጮኽን። እኛ ምን እናውቃለን? እናቴ ብቻ ከንፈሯን ነከሰች።

ከዚያ ወዲያ በየማታው አንድ አውሬ ቤቱን ትቶ ይሄዳል፣ በየማታውም ጉድ ይሆናል። አባባ ወልዴ አንድም ቀን «አትዝጋ» አላለም። ቢቆጣ ኖሮ አባቴም ይቆጣ ነበር፤ ሽማግሌ ይገባ ነበር፤ ነገሩ ይለይ ነበር። ከተረት ጋር ግን ሰው እንዴት ብሎ ይጣላል? ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ጳጉሜ ሲገባ እናቴ መታገሥ አቃታት። አባቴን «ኧረ በማርያም ተናገር! አፍ የለህም እንዴ?» ስትለው ሰማሁ። ያን ዕለት ማታ አባቴ ባንኮኒውን ትቶ መጣና ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ዛሬ እኔ ልተርትላችሁ» አለን።

አባታችን ሲተርት! ሳቅን። እሱ ግን ፍሙን እያየ ጀመረ፤ ሲተርትም ይንተባተብ ነበር። አንዲት ጅግራ ነበረች አለ። እናቷ በሠራችው ጎጆ እንቁላሏን አቅፋ ተቀመጠች። ቀኑ አለፈ፤ እንቁላሉ አልተፈለፈለም። ጓደኞቿ «ይሄ ቀዝቅዟል፣ ተነሽ፣ ከኛ ጋር ነይ» ቢሏት «የእናቴን ጎጆ ትቼ?» ትላለች። ከሳች፤ ላባዋ ረገፈ፤ ክንፏ መብረር እየረሳ ሄደ። ከዚያ እንደ አባባ ወልዴ አገጩን ቀና አድርጎ «በሉ ፍረዱ። ትነሳ ወይስ ትቀመጥ?» አለን።

«ትነሳ!» አልን። ከሁላችንም የሚያንሰው ወንድሜ ደምሴ «ትነሳ! ትብረር!» እያለ ዘለለ። አባቴ ያን ጊዜ ቀና ብሎ ወንድሙን አየው።

አባባ ወልዴ በቆሎውን በዝግታ ገለበጠ። «ጥሩ ተረት ነው» አለ። «ግን አላለቀም።»

ከዚያ በዚያ በሚያምር ድምፁ ቀጠለው። ጅግራዋ ተነሳች አለ። በረረች። ዛፍ ላይ አርፋ ላባዋን ስታራግፍ ከበታቿ «ቋ» የሚል ነገር ሰማች። እንቁላሉ ተሰንጥቆ ነበር። ጫጩቱ አንገቱን አውጥቶ «እማ፣ በረደኝ» ይላል። ዝናቡ ግን ጀምሯል። በሁለት ቀጭን ድምፅ፣ አንዴ እንደ ዝናቡ አንዴ እንደ ጫጩቱ እየሆነ፣ የጫጩቱ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ተረተው።

ደምሴ እሪ አለ። ያለቀሰውን ልቅሶ ምን ብዬ ልንገራችሁ! አባቴ ጉልበት ላይ ወጥቶ አንገቱን አንቆ «መልሳት! አባዬ፣ መልሳት!» እያለ ይንሰቀሰቃል። እናቴ ልትወስደው ብትል አሻፈረኝ አለ። አባቴ ጀርባውን መታ መታ አደረገው፤ «ተረት ነው ልጄ፣ ዝም በል» አለው፤ ጭራሽ ባሰበት። በመጨረሻ አባቴ ዓይኑን ጨፈነ።

«እሺ፣ ተመለሰች» አለ። «ተመልሳ ተቀመጠች። አቀፈችው። በቃ፣ ከዚህ ወዲያ የትም አትሄድም።»

«እንዲህ ነው» አለ አባባ ወልዴ፣ የተጠበሰውን በቆሎ ለደምሴ እያቀበለው። እናቴ ተነስታ ወጣች።

በማግስቱ አባቴ በሾፌር እጅ ለኦቦ ተሬሳ «አልመጣም» ብሎ ላከ። መስቀል ሲያልፍ ቦታውን ሌላ ሰው ያዘው። እናቴ የሸከፈችውን እቃ አንድ ባንድ ፈታች።

አባባ ወልዴ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሞተ፤ ነፍሱን ይማረው። አሁን እንኳ ይዘጋል ስንል አባቴ «የጋሼን ቤት?» አለ። ባዶ መደርደሪያ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይውል ነበር። ከዚያ ወባ ጣለውና ሱቁ ሳምንት ሙሉ ሳይከፈት ቀረ። አንድም ሰው መጥቶ በሩን አልመታም።

ሲሻለው በገበያ ቀን እኔን አስከትሎ ወጣ። ገበያው መሀል ኦቦ ዲንሳ አገኘን፤ ቀድሞ ከኛ በቀር ከማንም ጨው የማይገዛ የገጠር ሰው ነው። አባቴን ሲያይ እጁን ዘርግቶ መጣ።

«ኦቦሌሳ! አከም ጅርታ? ኧረ ጠፋህ! ነቀምቴ እንዴት ነው?»

አባቴ ግራ ገባው። «ነቀምቴ?»

«ሱቁን ዘግተህ ስፌት ገባህ ሲሉን ነበር እኮ፣ ስንት ጊዜው! ደግ አደረግህ። እዚህ ምን አለ?»

አባቴ ወደ እኔ አየ፤ ከዚያ ወደ ኦቦ ዲንሳ ዞሮ «ፈያ ነው፣ ነቀምቴ ደህና ነው» አለ። «ለገበያ ብቅ ብዬ ነው።»

ከዚያን ቀን በኋላ ሱቁን አልከፈተውም። ዘጋነው ያለም የለም።

የአባባ ወልዴ ተረቶች ዛሬም አንድ ሳይቀሩ በልቤ አሉ፤ ማማራቸው ነው የሚያናድደኝ። ስለ አባቴ ሳስብ ግን የሚመጣብኝ ያ ገበያ ነው። የኦቦ ዲንሳን እጅ እንደያዘ ስለ ነቀምቴው ቤት ያወራለት ነበር፤ መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ፣ ጠዋት ፀሐይ የስፌት መኪናው ላይ እንዴት እንደምታርፍ፣ ሰርግ ሲደርስ ደንበኛው እንዴት እንደሚሰለፍ። ምንም ሳይንተባተብ ነበር የሚናገረው። አባቴን እንደዚያ ደስ ብሎት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።